የፋልኮነር የስንብት አልበም፤ ፎኩ የቱ ጋ ነው?

ስዊድን የሚኖር አንድ ወጣት የላከልኝን ጥያቄ አሳጥሬ ላስቀድም። «የሥራ ባልደረባዬ ፋልኮነር የሚባል የስዊድን ባንድ የመጨረሻ አልበም አስደመጠኝ። ፎክና ፓወር ሜታል ነው ብሎኛል። እኔ ማሕሙድንና አስቴርን እየሰማሁ ነው ያደግኩት፤ ሜታል ብዙም አላውቅም። ወድጄዋለሁ፤ ግን ግራ ገብቶኛል። ፎክ የሚያሰኘው ምኑ ነው? ለኔ የሚሰማኝ ጊታርና ድራም ብቻ ነው። ዘፋኙም እንደ ሜታል ዘፋኝ አይጮህም። የስንብት አልበም ከሆነስ ስንብቱ የታለ? እንዲህ ጎበዞች ከሆኑ ለምን ተዉት? ሌሎቹን አልበሞች ለመስማትስ ከየት ልጀምር?»

ወንድሜ፣ ጆሮህ ጥሩ ነው። ግራ ያጋባህ ነገር ሁሉ ይሄን ባንድ ከሌሎቹ የሚለየው ነገር ነው። የጥያቄዎችህ መልስም አንድ ቦታ ላይ ይገናኛል። ፋልኮነር ሥራውን የሚጀምረው ከዜማ ነው፤ ፎክ የሚባለውም የሕዝቡ፣ የገጠሩ ባሕላዊ ሙዚቃ ነው። ጉልበቱ፣ ፍጥነቱ፣ የጊታሩ ሻካራ ድምፅ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ይሄን ከያዝክ ሌላው ይቀልልሃል። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።

ባንዱ የተመሠረተው በ1999 ነው፤ ኦስተርዮትላንድ ውስጥ፣ ምየልቢ በምትባል ትንሽ ከተማ። መሥራቹ ጊታሪስቱ ስቴፋን ቫይነርሃል ነው። ከዚያ በፊት ሚቶቲን የሚባል ባንድ ነበረው። ሚቶቲን ከ1997 እስከ 1999 ሦስት አልበሞች አውጥቶ ተበተነ። የቫይኪንግ ሜታል ባንድ ነበር፤ ዘፋኙ ያጓራል፣ ጊታሩ ይከረክራል። ግን ያን ሁሉ ጩኸት ገለጥ አድርገህ ብትሰማ ከስሩ የጥንት የገጠር ዜማ አለ። ስቴፋን ያንን ዜማ ከስር አውጥቶ ፊት ለፊት ማስቀመጥ ፈለገ። ከሚቶቲን ድራመሩን ካርስተን ላርሾንን ይዞ መጣ። ዘፋኝ ሲፈልግ ግን ወደ ሜታል ሰፈር አልሄደም። ማቲያስ ብላድን መረጠ። ማቲያስ የሙዚቃዊ ቲያትር ተዋናይ ነው።

«አይጮህም» ያልከው ይሄ ሰው ነው። ትንሽ ልቆይበት፤ ምክንያቱም የፋልኮነር ግማሽ ነገር እሱ ነው። ፓወር ሜታል፣ ፈጣኑና ዜማ የሚበዛበት የሜታል ዓይነት፣ መልኩን የያዘው በ1980ዎቹ ነው፤ የሀምቡርጉ ባንድ ሄሎዊን ዋናው ነው። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ዘፋኙ ከፍ ያለ ቴነር እንዲሆን፣ አዝማቹ ላይ ሰማይ እንዲነካ ይጠበቃል። ማቲያስ እዚያ አይሄድም። ድምፁ ባሪቶን ነው፤ መሀልና ዝቅ ያለው ቦታ ላይ ይመቸዋል። ቲያትር ቤት የሰለጠነ ሰው ስለሆነ ደግሞ ቃሉን አይውጥም። የቃሉ መጨረሻ ላይ ያለውን ፊደል እንኳ ጥርት አድርጎ ይዘጋዋል። ትንፋሹን የሚወስደው ሐረጉ ሲያልቅ ነው። ስሜት ሊጨምር ሲፈልግ ድምፁን ከፍ ከማድረግ ይልቅ ቃሉን ይጫነዋል። እኛ ጋ «ግጥሙ የሚሰማ ዘፋኝ» ሲባል ትልቅ ሙገሳ ነው። ማቲያስ እንደዚያ ዓይነት ዘፋኝ ነው። ድራሙ ከኋላው እየተንደረደረ እሱ ተረጋግቶ ታሪክ ይነግርሃል። ይሄ ተቃርኖ ነው ባንዱን ባንድ ያደረገው።

ማስረጃ ብትፈልግ ያለ እሱ የሠሩትን ስማ። ከሁለተኛው አልበም በኋላ የቲያትር ሥራው ስለያዘው ወጣ። በ2003 እና በ2005 የወጡትን ሁለት አልበሞች ክሪስቶፈር ዮበል ዘፈነ። ዮበል መጥፎ ዘፋኝ አይደለም። ጠንካራ፣ ትንሽ ሻከር ያለ የሄቪ ሜታል ድምፅ አለው። ግን ዘፈኖቹ ድንገት እንደማንኛውም ባንድ ሆኑ። በተለይ የ2005ቱ «ግራይም ቨርሰስ ግራንደር» ላይ የጥንቱ ዜማ በጣም ሳስቷል። ማቲያስ በ2006 «ኖርዝዊንድ» ላይ ሲመለስ የመጀመሪያው ዘፈን ሳያልቅ ልዩነቱ ይታወቅሃል።

አሁን ወደ ፎኩ። ብዙ ሰው ፎክ ሜታል ሲባል መሣሪያ ይፈልጋል። ቫዮሊን፣ ዋሽንት፣ አኮርዲዮን ካልሰማ አላገኘሁትም ይላል። እውነት ነው፣ እንደዚያ የሚሠሩ ባንዶች ብዙ ናቸው። የፊንላንዱ ኮርፒክላኒ በቫዮሊንና በአኮርዲዮን ይጨፍራል። የስዊዘርላንዱ ኤልቬይቲ የጥንት የአውሮፓ መሣሪያዎችን መድረክ ላይ ያወጣል። ፋልኮነር አብዛኛውን ጊዜ ይሄን አያደርግም። ቫዮሊን ሊጫወተው የሚገባውን ዜማ ለኤሌክትሪክ ጊታር ይሰጠዋል።

አንድ ነገር ሞክር። ከአልበሙ አንዱን ዘፈን ክፈትና ጊታሮቹ ያለ ዘፋኝ ብቻቸውን የሚሄዱበትን ቦታ ፈልግ። አዝማቹ ካለቀ በኋላ ብዙ ጊዜ ታገኘዋለህ። ሁለት ጊታሮች አብረው ሲሄዱ ትሰማለህ። አንዱ ዜማውን ይይዛል፤ ሌላው ከሱ በላይ ሦስተኛውን ድምፅ ይዞ ጎን ለጎን ይከተላል። አሁን ዘፈኑን አቁመውና ያንን ዜማ ብቻውን፣ ቀስ ብለህ አፏጨው። ፍጥነቱና ዲስቶርሽኑ (የጊታሩ መሻከር) ሲጠፉ የሚቀርህ የመንደር ሙዚቀኛ የሚጫወተው ዜማ ነው። አጭር ሐረግ፣ መልሱ፣ ሐረጉ እንደገና፣ ከዚያ መዝጊያው። ትልልቅ ዝላይ የለውም፤ ከድምፅ ወደ ጎረቤት ድምፅ ነው የሚራመደው። አንዳንዱ ደግሞ በሦስት ምት የሚሄድ ነው፤ እንደ ፖልስካ። ፖልስካ የስዊድን የገጠር ጭፈራ ነው። ሦስት ምት አለው፣ አንደኛውና ሦስተኛው ላይ ይረገጣል።

«ወድጄዋለሁ» ያልከውም ያለምክንያት አይመስለኝም። በትዝታ ያደገ ጆሮ ይሄን ዜማ ባዕድ አያደርገውም። ትዝታ ማይነር አምስት ድምፅ አለው፤ ሐዘን ካዘለው ከአውሮፓው የማይነር መሰላል አራተኛውንና ሰባተኛውን ይዘላል። የስዊድኖቹ ማይነር ሰባቱንም ይረግጣል። ስለዚህ የምታውቀው ሐዘን ያለበት አካባቢ ነህ፤ ግን ዜማው አንተ በምትዘልበት ቦታ ላይ እግሩን ያሳርፋል። የሚቀርብህም፣ የሚያስገርምህም ለዚህ ነው።

ሌላው ፎክ የሆነው ነገር የግጥሙ አቀራረብ ነው። ሰሜን አውሮፓ ውስጥ ከመካከለኛው ዘመን የመጡ ረጃጅም የተረት ዘፈኖች አሉ። ባለታሪክ አለ፣ ንጉሥ አለ፣ በደል አለ፣ ሞት አለ። ስንኙ ይሄዳል፣ በየመሀሉ ያው አንድ መስመር ይመለሳል። ከእኛ አቀንቃኝና ተቀባይ ብዙ አይርቅም። ስቴፋን ግጥም ሲጽፍ ይሄን ቅርፅ ይከተላል። ድራጎን ገዳይ ጀግና ብዙም አይስበውም። አንጥረኛው፣ ለማኙ፣ ሌባው፣ ርስት አልባው፣ በፍርድ ቤት የተበደለው ናቸው የሚስቡት። የ2008ቱን አልበም «ከለማኞችና ከሌቦች መሀል» ብሎ የሰየመውም ለዚያ ነው።

ከዚህ ውስጥ አንዱን ለይቼ ልንገርህ፤ ምክንያቱም ከአገሩ ርቆ ለሚኖር ሰው የሚነካ ነው። በ2002 ሁለተኛ አልበማቸው ላይ «ዊ ሶልድ አወር ሆምስቴድስ» የሚል ዘፈን አለ። መነሻው የስዊድን የስደተኞች ዘፈን ነው፤ ርስታቸውን ሸጠው፣ በመርከብ ተጭነው ወደ አሜሪካ ስለሚሄዱ ገበሬዎች ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽና በ20ኛው መጀመሪያ መካከል ከ1 ሚሊዮን በላይ ስዊድናውያን እንደዚያ ሄደዋል። ረሀብ ነበር፣ መሬት ጠቦ ነበር። አሁን የምትኖርበት ሀብታም አገር ልጆቹን በመርከብ የሚሸኝ ድሀ አገር ነበር። ፋልኮነር ይሄን ዘፈን ሲሠራው አላስለቀሰውም። ጊታሩ ጉልበት ሰጥቶታል፣ ድምፃዊው ደግሞ ልክ ከመርከቡ ወለል ላይ ቆሞ እንደሚተርክ ሰው ተረጋግቶ ይዘፍነዋል። ብዙ የስደት ዘፈን ሰምቼ አቀናብሬያለሁ። እንዲህ ራሱን የቻለ፣ ልመና የሌለበት የስደት ዘፈን ግን ብዙ አላጋጠመኝም።

በስዊድንኛ መዝፈን ቀስ በቀስ ነው የመጣው። እዚህም እዚያም አንድ ሁለት ዘፈን ይጨምሩ ነበር። በ2011 «አርሞድ» ወጣ፤ ሙሉው አልበም በስዊድንኛ። ስሙ ድህነት ማለት ነው። ለዓለም ገበያ በእንግሊዝኛ የለመደ ባንድ ይሄን ማድረጉ ድፍረት ነው። እዚያ ውስጥ ስቴፋን የጻፋቸው አሉ፣ የሕዝብ የሆኑም አሉ። «ኦ፣ ቲስታ ኤንሳምሄት» ለምሳሌ፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከኖረው ገጣሚ ከኡሎፍ ፎን ዳሊን ስም ጋር የሚያያዝ፣ ስዊድናውያን ከልጅነታቸው የሚያውቁት ዘፈን ነው። «ኤክሉንዳፖልስካን» ያለ ግጥም፣ በጊታር የተሠራ የጭፈራ ዜማ ነው። መዝጊያው ደግሞ «ጋማል ፌቡድፕሳልም» ነው። ይሄ ከዳላርና አውራጃ፣ በጋ በጋ ከብት ይዘው ከሚወጡባቸው የተራራ ሰፈሮች የመጣ የመዝሙር ዜማ ነው። ኦርጋኒስቱ ኦስካር ሊንድቤሪ በ1936 ለኦርጋን አቀናብሮት በመላው ስዊድን ታወቀ። ቤተክርስቲያን ውስጥ ሰምተኸው ይሆናል። በእኔ አስተያየት «አርሞድ» የባንዱ ትልቁ ሥራ ነው።

በ2014 «ብላክ ሙን ራይዚንግ» መጣ። ወደ እንግሊዝኛ ተመለሱ፣ ፍጥነቱንና ክብደቱን ጨመሩ። ጠንካራ አልበም ነው፤ ግን ከ«አርሞድ» በኋላ ሲሰማ ዜማው ለጉልበቱ ቦታ የለቀቀ ይመስለኛል። ከዚያ ስድስት ዓመት ዝም።

ጁን 26 ቀን 2020 «ፍሮም ኤ ዳይንግ ኤምበር» በሜታል ብሌድ ሬከርድስ በኩል ወጣ። ከሚከስም ፍም ማለት ነው። አልበሙ የመጨረሻው እንደሆነ አስቀድመው ተናግረው ነበር። ማቲያስ ይዘፍናል፤ ስቴፋንና ጂሚ ሄድሉንድ ጊታር፣ ማግኑስ ሊንሃርድት ቤዝ፣ ካርስተን ድራም ይጫወታሉ። ከመጀመሪያው አልበም ጀምሮ አብሯቸው የሠራው፣ ኪንግ ዳይመንድ የሚባለው የሜታል ባንድ ጊታሪስት አንዲ ላሮክም በስቱዲዮ ሥራው አለበት።

ስንብቱ የታለ ብለሃል። ርዕሱን ተወውና አልበሙ ውስጥ እጅ እያውለበለበ የሚያለቅስ ነገር የለም። እኔ ይሄን ነው የወደድኩለት። ብዙ ባንድ የመጨረሻ አልበሙ ነው ሲባል ረጅም የመሰናበቻ ዘፈን ይጨምራል፣ ኦርኬስትራ ይጠራል፣ የድሮ ጓደኞቹን ሁሉ ይሰበስባል። እነዚህ ሰዎች ግን የሚያውቁትን ሥራ ይዘው ገቡ። ስንብቱን የምታገኘው አደራደሩ ላይ ነው። የሃያ ዓመት ሥራቸውን ሁሉ በ11 ዘፈን ውስጥ አስገብተውታል።

ተራ በተራ እየው። «ኪንግስ ኤንድ ኩዊንስ» ይከፍታል፤ ይሄ በመጀመሪያው አልበም የምናውቀው ፋልኮነር ነው፣ ፈጣን፣ ሰፊ አዝማች ያለው። አራተኛው «ብላንድ ሱምፕ ኦክ ዲ» ነው፤ በረግረግና በጭቃ መሀል። ብቸኛው የስዊድንኛ ዘፈን ነው፤ የ«አርሞድ» በር እንዳልተዘጋ ይነግርሃል። ማቲያስ በእናት ቋንቋው ሲዘፍን ቃላቱ ዜማው ላይ የሚያርፉበት ሁኔታ ይለያል። እንግሊዝኛው ላይ ትንሽ መድረክ ላይ እንዳለ ሰው ነው፤ እዚህ ግን ቤቱ ነው። ባልደረባህ ስዊድናዊ ከሆነ ግጥሙን አብራችሁ ብታነቡት ጥሩ ነው፤ ቃላቱ ውስጥ የድሮ ስዊድንኛ ሽታ አለ።

ስድስተኛው «ጋርኔትስ ኤንድ ኤ ጊልድድ ሮዝ» ግጥም የለውም። ብዙ ሰው እንዲህ ዓይነቱን ዘፈን ይዘለዋል። አንተ እንዳትዘለው። ፎኩ የታለ ላልከኝ ጥያቄ አጭሩ መልስ እዚያ አለ። ስምንተኛው «ሪጆይስ ዘ አዶርንድ» ረጋ ያለው ዘፈን ነው። ባንዱ ወደ ኋላ ይላል፣ የቲያትሩ ሰው ፊት ይወጣል። ማቲያስ ያለ ሜታል ምን ያህል እንደሚችል ለማወቅ ይሄን አንዱን መስማት ይበቃል። መዝጊያው «ራፕቸር» ነው። የመጨረሻው አልበም የመጨረሻ ዘፈን ሲባል ቀስ ያለ ትጠብቃለህ። አይደለም። በጉልበት ነው የሚያልቀው። ስቴፋንና ካርስተን ከሚቶቲን ጀምሮ የሚያውቁት ክብደት እዚያ አለ።

ሁሉም ዘፈን እኩል ነው አልልህም። «ቴስቲፋይ» ለኔ የአልበሙ ደካማ ቦታ ነው፤ ሪፉ (ተደጋጋሚው የጊታር ሐረግ) ጥሩ ሆኖ አዝማቹ የሚገባውን ያህል አይከፈትም። «ፉልስ ክሩሴድ» እና «ስረስት ዘ ዳገር ዲፕ» ግን ደጋግመህ ብትሰማቸው እያደር የሚጣፍጡ ናቸው።

ለምን ተዉት? የአልበሞቹን ዓመቶች በተራ ጻፋቸው። 2001፣ 2002፣ 2003፣ 2005፣ 2006፣ 2008፣ 2011፣ 2014፣ 2020። ዘጠኝ አልበም። መጀመሪያ በየዓመቱ፣ ከዚያ በሁለት፣ ከዚያ በሦስት፣ በመጨረሻ በስድስት ዓመት። የአንድ ባንድ ጉልበት እንዴት እንደሚሄድ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር የለም። ከስሩ ያለው ምክንያትም ግልጽ ነው። ድምፃዊው ሌላ ሙያ አለው፤ ቲያትር ማለት ደግሞ ማታ ማታ የሚሠራ ሥራ ነው። ማቲያስ ሲመለስ ባንዱ የስቱዲዮ ባንድ ሆነ፤ መድረክ ላይ የሚወጣው አልፎ አልፎ ብቻ ነበር። ዛሬ ደግሞ የሜታል ባንድ የሚኖረው በኮንሰርትና በቲሸርት ነው። አልበም ብቻውን አያበላም። በዚያ ላይ አብዛኛውን ዜማና ግጥም የሚጽፈው አንድ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ባንድ የሚቆየው ያ ሰው የሚናገረው እስካለው ድረስ ነው። ሌላ ዘፋኝ አምጥተው ስሙን ይዘው መቀጠል ይችሉ ነበር። ያንን ግን በ2003 ሞክረውታል፤ ውጤቱንም አይተውታል።

ትክክል አደረጉ ብዬ አምናለሁ። ዘጠነኛው አልበም ከስምንተኛው ይሻላል። እዚያ ላይ ማቆም የሚችል ባንድ ጥቂት ነው። የወጣበት ጊዜም ኮሮና ዓለምን ዘግቶ፣ ባንዶች ሁሉ ጉዟቸውን ሰርዘው የተቀመጡበት ነበር። ለሌሎቹ ያ ትልቅ ኪሳራ ነው። ለፋልኮነር ግን አልበሙ ከመጀመሪያውም ቤት ተቀምጦ እንዲሰማ የተሠራ ነበር።

ከየት ልጀምር ላልከው፣ በወጡበት ቅደም ተከተል አትሂድ። መጀመሪያ ይሄንኑ የመጨረሻውን ጨርስ፤ አራተኛውን፣ ስድስተኛውንና ስምንተኛውን ለብቻ ደጋግማቸው። ቀጥሎ «አርሞድ»ን ውሰድ። ስዊድን እየኖርክ ስዊድንኛውን እየለመድክ ከሆነ ለጆሮህም ለቋንቋህም ይጠቅምሃል፤ ማቲያስ ቃል ስለማይውጥ መዝገበ ቃላት ይዘህ ልትከተለው ትችላለህ። ከዚያ ወደ 2002ቱ «ቻፕተርስ ፍሮም ኤ ቬል ፎርሎርን» ተመለስ፤ የስደቱን ዘፈን የምታገኘው እዚያ ነው። አጭር አልበም ነው፣ በአንድ ጉዞ ባቡር ላይ ያልቃል። «ኖርዝዊንድ» አራተኛው ይሁን፤ «ሎንግ ጎን ባይ» የሚለውን አትለፈው። የ2001ዱን የመጀመሪያ አልበም ከዚያ በኋላ ስማው፣ «ሎርድ ኦፍ ዘ ብላክስሚዝስ» ያለው እዚያ ነው። የዮበልን ሁለቱን አልበሞች መጨረሻ ላይ አድርጋቸው፤ ከ2003ቱ ጀምር፣ ከ2005ቱ ይሻላል። ሚቶቲንን ደግሞ የሚያጓራ ዘፋኝ መስማት ስትለምድ እንነጋገርበታለን።